ቀልብን መሰብሰብና በሕክምና መጽናት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ሕንፃ መሠረት ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። ዘንድሮ የዝግጅት ኮሚቴው «ለባልደረቦችህ ይጠቅማል የምትለውን ርእስ ራስህ ምረጥ» ባለኝ ጊዜ፣ ከምንሠራባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን፣ ነገር ግን ለጥገናው አንድም መመሪያ ያልጻፍንለትን መሣሪያ መረጥሁ፤ ይኸውም የሠራተኛው አእምሮ ነው። በተለይም ትኩረቱን ለመግዛት የሚቸገር አዋቂ ሰው የሥነ ልቦና ሕክምና ከጀመረ በኋላ ሳያቋርጥ እስከ ፍጻሜው እንዴት ሊዘልቅ እንደሚችል ለመናገር አስቤአለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር የደፈርሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ይህ ችግር ያለብኝ መሆኑ በ32 ዓመቴ በሐኪም ተመርምሮ የተረጋገጠ በመሆኑና ሕክምናውንም ተከታትዬ በመፈጸሜ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብደኛል። እንደ እኔው ችግሩ የተገኘበት አንድ የሙያ ባልደረባችን ሕክምናውን በአራተኛው ሳምንት ሲያቋርጥ፣ ከዚያም ከሙያው ጭምር ሲርቅ በቅርብ ሆኜ አይቻለሁ። በእውቀት ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነበር፤ በፈቃድ ብርታትም አላንስም አላለም ነበር። እኔን ያጸናኝ፣ እርሱ ያላገኘው ነገር ግን ሥርዓት ነው። የዛሬው ንግግሬ ዐላማም ይህን ማስረዳት ነው፤ በዚህ ሕክምና ውስጥ መጽናት ከሕመምተኛው ጠባይ የሚጠበቅ ስጦታ ሳይሆን፣ እንደ ማናቸውም ሕንፃ አስቀድሞ ታስቦ የሚሠራ ነገር ነው።

ሀ. የችግሩ ምንነት

በቋንቋችን «ቀልብ» የሚል ብርቱ ቃል አለ። እናት ልጅዋን «ቀልብህን ሰብስብ» ትለዋለች፤ መምህርም ተማሪውን እንዲሁ። አነጋገሩ ቀልብ የሚበተን፣ ከተበተነም በኋላ መልሶ ሊሰበሰብ የሚችል ነገር መሆኑን ያመለክታል። ዳሩ ግን መሰብሰቡ ለማይሆንለት ሰው ያዘጋጀነው ስም «ቀልበ ቢስ»፣ «ዝንጉ»፣ «ቅብጥብጥ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሰነፍ» የሚል ነው። እነዚህ ስሞች ሁሉ ፍርድ እንጂ ምርመራ አይደሉም።

በሕክምናው ዓለም ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ክራይተን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአንድ ነገር ላይ አእምሮአቸውን ለማጽናት ስለማይችሉ ሰዎች ጽፎአል። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲልም እ.ኤ.አ. በ1902 በለንደን ባደረጋቸው ንግግሮች፣ የማሰብ ችሎታቸው ሳይጎድል ራሳቸውን ለመግዛት ስለሚቸገሩ ልጆች አብራርቶአል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ሦስተኛ መመሪያ «የትኩረት ጉድለት» የሚል ስም ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ መቅበጥበጡ በስሙ ውስጥ ተጨምሮ ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው መጠሪያ ወጣ።

ለብዙ ዘመን ችግሩ የልጅነት ብቻ እንደ ሆነና ከዕድሜ ጋር እንደሚጠፋ ይታመን ነበር። በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዌንደርና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በብዙዎች ዘንድ እንደሚቀጥል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ለአዋቂዎችም የሚፈለገውን የምልክት ቁጥር ከስድስት ወደ አምስት ዝቅ አድርጎአል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደማምረው ሲታዩ ከ100 አዋቂዎች መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ 200 ሰዎች ብንሆን፣ ከመካከላችን አራት ወይም ስድስት ሰዎች ስለ ራሳቸው እየሰሙ ነው ማለት ነው። መንታ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የዘር ውርስ በችግሩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አረጋግጠዋል። ስለዚህ የአስተዳደግ ብልሹነት ወይም የስንፍና ውጤት አይደለም።

በአዋቂው ላይ የሚታየው እንዴት ነው? የልጅነቱ መሯሯጥ ወደ ውስጥ ይገባና የሐሳብ መሯሯጥ ይሆናል። ሰውየው ትኩረት የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ ትኩረት አለው፤ መሪው ግን በእጁ አይደለም። የሚያስደስተውን የስትራክቸር ስሌት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፤ የአንድ ገጽ የክፍያ ማጽደቂያ ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። የሦስት ሳምንትና የሦስት ወር ቀነ ገደብ በእርሱ ዓይን እኩል የራቁ ናቸው፤ የሚቀርቡትም የመጨረሻዋ ሌሊት ስትደርስ ብቻ ነው። በሥራችን ይህ ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ያልተመለሰ ደብዳቤ ሥራ ተቋራጩን ያስቆማል፤ በችኮላ ያለፈ አንድ ነጥብ የብረቱን ስፋት ይለውጣል።

ለ. ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ

ለዚህ ችግር መድኃኒት አለ። ሜቲልፌኒዴትን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰዎችን በእጅጉ ይረዳሉ፤ ማዘዝም ሆነ መከልከል የሐኪም ሥልጣን ነው። መድኃኒቱ አእምሮን ቢያረጋጋም፣ ሰውየው በ30 ዓመት ውስጥ ያልለመደውን የቀጠሮ መዝገብ አያያዝ፣ ትልቅ ሥራን ከፋፍሎ የመሥራት ዘዴ፣ ከውድቀት በኋላ ራስን ሳይረግሙ የመነሣት ልማድ ግን ሊያስተምረው አይችልም። የሥነ ልቦናው ሕክምና የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ስቲቨን ሳፍረንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ሕክምናው እንደ ጥሩ የሥራ ዕቅድ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሰውየው አንድ የቀን መቁጠሪያና አንድ የሥራ ዝርዝር ብቻ እንዲይዝ ይደረጋል፤ በኪሱ፣ በጠረጴዛውና በስልኩ ላይ የተበተኑት ቁርጥራጭ ወረቀቶች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ትልቁን ሥራ ወደ ትንንሽ እርምጃዎች መከፋፈልም በዚሁ ክፍል ይለመዳል።

በሁለተኛው ክፍል ሰውየው በአንድ አሰልቺ ሥራ ላይ ሳይናጥብ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይለካል። 12 ደቂቃ ከሆነ፣ ሥራው በ12 ደቂቃ ልክ ይቆራረጣል እንጂ «አንድ ሰዓት ተቀመጥ» ተብሎ አይታዘዝም። በመካከሉ የሚመጣው ሌላ ሐሳብ በወረቀት ላይ ይጻፍና ደቂቃው እስኪያልቅ ይቆያል። ሥራን የምንለካው በምሰሶው አቅም ልክ እንጂ በምኞታችን ልክ ስላልሆነ፣ ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሦስተኛው ክፍል «እኔ እኮ መቼም አልረባም» የሚለውን የቆየ ሐሳብ መርምሮ በትክክለኛው መተካት ይማራል። እንደ አስፈላጊነቱም ሥራን ለነገ ስለ ማስተላለፍ ይታከማል፤ የትዳር ጓደኛ ወይም ቤተ ዘመድ አንድ ቀን አብሮ የሚቀመጥበትም ጊዜ አለ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው፣ መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ያልለቀቃቸው 86 አዋቂዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 12 ጊዜ ይህን ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ በዚያው ልክ የመዝናናት ልምምድና ትምህርት አገኙ። የማን ምድብ የትኛው እንደ ሆነ በማያውቅ መርማሪ ሲመዘኑ፣ ከመጀመሪያዎቹ 53 ከመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 23 ከመቶ የሚሆኑት ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ የመጀመሪያዎቹም መሻሻል ከዓመት በኋላ ጸንቶ ተገኘ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሜሪ ሶላንቶና ባልደረቦቿ በ88 አዋቂዎች ላይ በቡድን የሰጡት የ12 ሳምንት ሕክምናም ተመሳሳይ ፍሬ አፍርቶአል።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ግን ሌላውንም መናገር ይገባል። በጀርመን አገር በ433 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ የቡድን ሕክምናው ከሐኪም ጋር በየጊዜው ከሚደረገው ተራ ምክክር በዋናው መለኪያ እንዳልበለጠ አሳይቶአል። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ሕክምናው ከንቱ ነው» ይላሉ። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው። ተራ ምክክር የተባለውም ቢሆን ቀን ተቆርጦለት፣ ሰው ተመድቦለት፣ በየጊዜው የተካሄደ ግንኙነት ነበር። ዘዴው ይህም ይሁን ያ፣ በተወሰነ ቀን ከአንድ ሰው ፊት ቀርቦ «ያለፈውን ሳምንት እንዴት ዋልህ?» መባል በራሱ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ የሚገኘው ደግሞ ለሚመላለስ ሰው ብቻ ነው።

ሐ. ስለ ምን ይቋረጣል?

አርማታ ሲሞላ የምናደርገውን አስቡ። ሙሌቱ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ውሃ ማጠጣቱ ግን ቢያንስ ሰባት ቀን ይፈልጋል፤ የሚፈለገውንም ጥንካሬ የምንመሰክርለት በ28ኛው ቀን ነው። በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣው ሠራተኛ በሲሚንቶው ላይ አንዳች ለውጥ አያይም። ለውጡ ከውስጥ ነው። «ደርቆአል፤ ምን ያጠጣዋል?» ብሎ በሦስተኛው ቀን የተወው ግን በኋላ በሚሰነጠቀው ይታወቅበታል። የሥነ ልቦና ሕክምናም ጠባዩ ይኸው ነው። ሰዎች በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል እንዲያቋርጡ የሚያደርጉአቸውን ምክንያቶች እኔ እንዳየኋቸው ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ምክንያት ችግሩ ሕክምናውን ራሱን የሚቃወም መሆኑ ነው። የሚረሳ ሰው ቀጠሮ አስታውስ ይባላል፤ ጊዜ የሚያመልጠው ሰው በሰዓቱ ድረስ ይባላል፤ የጀመረውን የማይጨርስ ሰው 12 ሳምንት ጨርስ ይባላል። ይህ የተበላሸውን ጄኔሬተር፣ ያው ጄኔሬተር በሚሰጠው መብራት ለመጠገን እንደ መሞከር ነው። ብልህ ጠጋኝ ሌላ መብራት ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው የአዲስነት ማለቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱ አጀንዳ፣ አዲሱ ዘዴ፣ አዲሱ ተስፋ ራሱ ትኩረትን ይስባል። አራተኛው ሳምንት ላይ አጀንዳው ተራ ደብተር ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውየው «ይህም አልሠራልኝም» ይላል፤ በእርግጥ ግን ሕክምናው የሚጀምረው ገና ያኔ ነው፤ መለማመድ የሚፈለገው ያለ አዲስነት መሥራትን ነውና።

ሦስተኛው ሐፍረትና ይሉኝታ ነው፤ በአገራችን ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ይመስለኛል። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ባልደረባችን ያቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዋ በየሳምንቱ የምትሰጠው የቤት ሥራ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ደብተሩ ባዶ ሆነ። በቀጠሮው ቀን አግኝቼው «አትሄድም ወይ?» ብለው፣ «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?» ሲል መለሰልኝ። ይህን መልስ ሌላ አገር ሰው ላይረዳው ይችላል፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። መምህር ፊት ሳያጠኑ አይቀረብም። የደከመልንን ሰው «የሰጠኸኝ አልሆነልኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። ስለዚህ አንከራከርም፣ አናማርርም፤ ዝም ብለን እንጠፋለን። አንድ ሳምንት የጠፋ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሐፍረቱ እጥፍ ይሆንበታል፤ በሦስተኛው የባለሙያዋን ስልክ ሲያይ አያነሣም።

ነገር ግን እንደ መሐንዲስ እናስበው። የመሠረት ቦታ ለማጥናት ጉድጓድ አስቆፍረን ለስላሳ አፈር ብናገኝ፣ «ምርመራው ከሸፈ» ብለን ውጤቱን እንደብቃለን ወይ? እንዲያውም የምርመራው ዋና ፍሬ እርሱ ነው፤ መሠረቱ የሚነደፈው በዚያ ላይ ነው። ባዶው ደብተርም እንዲሁ ነው። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ምክንያት ባዶ እንደ ሆነ ማወቅ ለባለሙያዋ ከሞላ ደብተር የበለጠ ይነግራታል። ባልደረባችን ባዶ እጁን አልነበረም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ነበር፤ ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

አራተኛው ምክንያት ቶሎ የመጣ መሻሻል ነው። ሁለት ደኅና ሳምንት ያሳለፈ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ውሃ ሳይጠግብ እንደ ደረቀው አርማታ ማለት ነው። አምስተኛው የመለኪያ ስሕተት ነው፤ በየዕለቱ ራሱን የሚመዝን ሰው በአንድ ክፉ ማክሰኞ ምክንያት የሁለት ወር ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። የገንዘቡንና የትራንስፖርቱን ችግር፣ እንዲሁም የባለሙያዎቹን ማነስ ሁላችንም ስለምናውቀው አላስረዝመውም።

መ. መጽናትን እንዴት እንገነባለን?

አርማታው ራሱን እስኪችል ድረስ ካሳፎርማና ድጋፍ እናቆምለታለን። ድጋፍ ስለ ፈለገ ደካማ አርማታ ነው የሚል መሐንዲስ የለም። ለዚህ ሕክምና የሚቆሙት ድጋፎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ቀንና ሰዓት አይለዋወጥ። የእኔ ቀጠሮ ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት ነበር፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ወደ ሌላ ቀን አልተዛወረም። በዚያን ጊዜ በምሠራበት ሳይት ላይ የሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሌት እንዳይያዝ ከፎርማኑ ጋር ተስማምተን ነበር፤ ምክንያቱንም አልጠየቀኝም። በአጀንዳዬ ላይ የጻፍሁት የመድረሻውን ሰዓት ሳይሆን ከሳይት የምነሣበትን ሰዓት ነው። ስልኬም አንድ ቀን ቀድሞ፣ ከዚያም ልነሣ ስል ይጮኽ ነበር። ማስታወስ የስልኩ ሥራ ሆነ፤ የእኔ ሥራ መነሣት ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቤት ሥራው ይነስ። በቀን አምስት ደቂቃ አጀንዳን ማየት ትንሽ ይመስላል፤ በየቀኑ የሚደረግ አምስት ደቂቃ ግን አንድ እሑድ ተደርጎ ከሚተው ሦስት ሰዓት ይበልጣል። እኔ የጠዋት ቡናዬ እስኪቀዳ አጀንዳውን እንድገልጥ ተደረገ፤ ቡናውን እንደማልረሳ የታወቀ ነውና አዲሱ ልማድ በቆየው ላይ ታሰረ።

ሦስተኛ፣ ሰውየው ቢቀር ምን እንደሚደረግ በመጀመሪያው ቀን ይወሰን። ከሁሉ ይልቅ ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ከባለሙያው ጋር የተስማማነው በጽሑፍ ነበር፤ «ከቀረሁ በማግሥቱ ይደውልልኛል፤ ስልኩን አነሣለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ደብተሬ ሞላም ባዶም እመጣለሁ» የሚል ነበር። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ተረቱ የማይነግረን የዶሮዋን ድካም ነው። ዶሮዋ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ይሁን እንጂ 21 ቀን ሙሉ ከእንቁላሉ ላይ አትነሣም ማለት አይደለም። በየቀኑ ተነሥታ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ተመልሳም ትታቀፋለች። እንቁላሉ የሚበላሸው በመነሣቷ ሳይሆን ባለመመለሷ ነው። በሕክምናም መጽናት ማለት አንድ ጊዜም አለመቅረት ሳይሆን ሁልጊዜ መመለስ ነው።

አራተኛ፣ መለኪያው በወር አንድ ጊዜ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። አንድን መጠይቅ በየወሩ ሞልቶ ቁጥሩን በግራፍ ላይ ማኖር፣ አንድ ክፉ ቀን በግራፉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን ለዓይን ያሳያል።

አምስተኛ፣ አንድ ምስክር ይኑር፤ ሚስት፣ ወንድም ወይም ባልንጀራ። ምስክሩ ተቆጪ አይደለም። «ዛሬ ሐሙስ ነው» ይላል እንጂ «አሁንም ረሳህ?» አይልም። ሁለቱ አባባሎች አንድ መልእክት ይዘው እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ።

ስድስተኛ፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ጥገና ይቀጥል። ተመርቆ የተተወ መንገድ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ መመለስ፣ በተለይም የሥራ ለውጥ፣ ጋብቻ ወይም ልጅ ሲመጣና አሮጌው ሥርዓት ሲናጋ፣ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መጽናት ማለት በማይረዳ ነገር ላይ በጭፍን መቆየት አይደለም። ሕክምናው ሲጀመር ስንት ጊዜ እንደሚሆንና መካከል ላይ መቼ እንደሚገመገም ይነገር። በግምገማው ጊዜ ምንም ለውጥ ካልታየ ይሉኝታን ትቶ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። ምናልባት የእንቅልፍ ማጣት ወይም ድባቴ አብሮ ይኖራል፤ ምናልባት መድኃኒቱ መታየት አለበት፤ ምናልባትም የሚሰጠው ምክር መልካም ወሬ ብቻ ሆኖ ልምምድ የሌለበት ይሆናል። በግምገማ ተነጋግሮ ባለሙያ መለወጥና ሳይናገሩ መጥፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ራሱ የጽናት ክፍል ነው።

ሠ. የእኛ ድርሻ

እስካሁን የተናገርሁት ለታካሚው ነው፤ የቀረው ለሁላችንም ነው። በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ እንደ ስድብ ሲነገር የኖረ በመሆኑ፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ወደ አለቃው ቀርቦ «በሳምንት አንድ ቀን ለሥነ ልቦና ሕክምና አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቀው ገምቱ። ባልደረባችን ይህን ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ «እኛም ሁላችን እንረሳለን፤ ጠንከር በል» የሚል ነው። ክፉ ሰው አልተናገረውም፤ የመከረው መስሎት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰዓት መለመን ነውር ሆነበት። የሥራ ውሉ ሲያልቅ አልታደሰለትም፤ በማኅደሩ ላይ የተጻፈው ምክንያት የሪፖርት መዘግየት ነው።

ዛሬ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል። ንግድ የተከበረ ሥራ ነው፤ አላንቋሽሸውም። ነገር ግን የጣራ ተሸካሚ ንድፍ አንድ ጊዜ ተመልክቶ ጭነቱ የት ላይ እንደሚከብድ የሚናገር ዓይን ነበረው፤ ያን ዓይን ያፈራው ትምህርት አገር የከፈለችበት ነው። ያጣነው በሳምንት አንድ ሰዓት ስላልሰጠን ነው።

ስለዚህ በሥራ ኃላፊነት ላይ ያላችሁትን አምስት ነገር እለምናችኋለሁ። ይህን ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ፣ ሐኪም ያዘዘለት የዓይን ወይም የጥርስ ቀጠሮ ቢሆን እንደምትፈቅዱለት ፍቀዱለት፤ ምስጢሩንም ጠብቁለት። ትእዛዝን በቃል ብቻ ሳይሆን በአጭር ጽሑፍ ስጡ። የሦስት ወር ሥራ ስትሰጡ በየሁለት ሳምንቱ የሚታይ ክፍል አድርጉት። ስሌትን ሁለተኛ ሰው እንዲያጣራው የሚያዘውን የሙያችንን የቆየ ሥርዓት ለሁሉም እኩል ሥራ ላይ አውሉት፤ ይህ ለአንዱ ከለላ፣ ለሕዝቡ ደኅንነት ነው። በመጨረሻም ያረፈደውን ሁሉ ሕመምተኛ አታድርጉት፤ ምርመራው የሐኪም ነውና። ሆኖም ሕመምተኛውን ሰነፍ ብላችሁ አትሸኙት።

ከመካከላችሁ በዚህ ንግግር ውስጥ ራሱን ያገኘ፣ ወይም ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ አለኝ። ከቀረህ ስድስት ወርም ቢሆን፣ ስድስት ዓመትም ቢሆን ደውል። ደብተርህን አትፈልግ፤ ምክንያትም አታዘጋጅ። «አቋርጬ ነበር፤ ልመለስ ነው» ማለት ይበቃል። ባለሙያው ይህን ቃል ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ሲሰማውም ደስ ይለዋል እንጂ አይገረምም።

ያ ባልደረባችን ይህን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት የሚለው ሥርዓት ለእርሱም ሊሠራ ይችላል።